አባባና የኮሪያው ዘመቻ

ከመገናኛ ተነሥቶ በኮተቤና በካራ በኩል ወደ ሰንዳፋ የሚያወጣውን መንገድ ከመካከላችን የማያውቀው ጥቂት ነው። ደብረ ብርሃንም ሆነ ደሴ የሚሄድ ሁሉ ያልፍበታል። በዚያ መንገድ አካባቢ ወሰን የሚባል ሰፈር አለ። ወደ ሰሜን ቀና ሲሉ የየካ ተራራ ከነባሕር ዛፉ ይታያል፤ ማለዳ ማለዳ እናቶች ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው ጎንበስ ብለው ሲወርዱ ይታያሉ። እኛ ያደግነው እዚያ ነው። አያታችንም በየካቲት 2016 ዓ.ም.፣ በዘጠና አምስት ዓመታቸው ያረፉት እዚያው ነው።

ስማቸውን አንጽፍም። እሳቸው ስማቸው ከጓደኞቻቸው ስም ተነጥሎ ሲጠራ አይወዱም ነበርና። በእድሩ መዝገብ ላይ ማዕረጋቸው ሃምሳ አለቃ ነው፤ የሰፈሩ ልጆች «አባ ኮሪያ» ይሏቸዋል፤ ለእኛ አባባ ናቸው። ሰባት ልጆች አሳድገዋል፣ የልጅ ልጆቹን እንኳ እኛው ራሳችን ቆጥረን አንጨርስም። ከእነዚያ የልጅ ልጆች ሦስታችን ዛሬ በዩኒቨርስቲ ውስጥ እንገኛለን። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነውም ሦስታችን ነን።

ለመጻፍ ያነሣሣን አንድ ዕዳ ነው። ዕዳው እንዲህ ነው።

አባባ ከማረፋቸው ከሦስት ዓመት በፊት፣ በትንሣኤ በዓል፣ ቤተ ሰቡ ሁሉ ተሰብስቦ ቡና እየተጠጣ ነበር። ከእኛ አንዱ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሆኖ ስለ ቀዝቃዛው ጦርነት ያነበበው ገና ትኩስ ነበረና ድፍረቱ መጣ። «አባባ፣ እናንተ እኮ ኮሪያ ድረስ ሄዳችሁ የተዋጋችሁት ለአሜሪካ ብላችሁ ነው። ኢትዮጵያን ምን አገባት?» አለ። እናታችን በዓይኗ ገረፈችው። አባባ ግን አልተቆጡም። ሲኒያቸውን ረከቦቱ ላይ መልሰው ትንሽ ቆዩና እንዲህ አሉ፦

«በሃያ ስምንት የሰባት ዓመት ልጅ ነበርሁ። ቤታችን ሲቃጠል አይቻለሁ። የሰው ቤት ሲቃጠል ጎረቤት ውሃ ይዞ ይመጣል። እኛ ስንቃጠል ማንም አልመጣም። ንጉሡ ሌላ ሒሳብ ይኑራቸው አይኑራቸው እኔ አላውቅም፤ የንጉሥ ሒሳብ ለወታደር አይነገርም። እኔ የሄድሁት በራሴ ሒሳብ ነው።»

ከዚያ በኋላ ሌላ ቃል አልጨመሩም። እኛም ይቅርታ አልጠየቅንም። የተማርን መስሎን ነበር። እነሆ አሁን፣ እሳቸው በሌሉበት፣ ሁለቱንም ሒሳብ፣ የንጉሡንም የወታደሩንም፣ በአንድ ገጽ ላይ አስቀምጠን ለማየት እንሞክራለን።

በመጀመሪያ የንጉሡን ሒሳብ እንይ። እንደሚታወቀው የፋሺስት ጦር ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ የመጣው በዚሁ በደሴና በደብረ ብርሃን መንገድ ነው። ከሁለት ወር በኋላ፣ ሰኔ 23 ቀን፣ ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቭ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ስለ መርዝ ጋዙ ተናገሩ፤ ዛሬ በእኛ የደረሰው ነገ በሌላው እንደሚደርስ አስጠነቀቁ። ማኅበሩ ሰማ፤ ሰምቶም ብዙ ሳይቆይ በጣሊያን ላይ ጥሎት የነበረውን ማዕቀብ አነሣ። ይህ ነገር ለኢትዮጵያ መንግሥት የማይረሳ ቁስል ሆነ። እንግዲህ ሰኔ 18 ቀን 1942 ዓ.ም. የኮሪያ ጦርነት ሲፈነዳና የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የአባሎቹን እርዳታ ሲጠይቅ፣ ንጉሠ ነገሥቱ «በጋራ ጸጥታ እናምናለን ስንል የቆየነው ይኸውና» ለማለት ምክንያት ነበራቸው። ያኔ ያልተደረገልንን ዛሬ እናድርግ ነው ነገሩ።

ይህ እውነት ነው፤ ሙሉው እውነት ግን አይደለም። በዚያው ጊዜ የኤርትራ ጉዳይ በተባበሩት መንግሥታት ጠረጴዛ ላይ ነበር። ጠቅላላው ጉባኤ ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን እንድትቀላቀል የወሰነው ኅዳር 23 ቀን 1943 ዓ.ም. ነው፤ የመጀመሪያው ሻለቃ ወደ ኮሪያ የተንቀሳቀሰው ከዚያ አምስት ወር ያህል ቆይቶ በሚያዝያ ነው። ፌዴሬሽኑ በመስከረም 1945 ሥራ ላይ ዋለ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ኢትዮጵያና አሜሪካ የጦር እርዳታና የጦር ሰፈር ስምምነት ተፈራረሙ። አሜሪካኖቹ አሥመራ ላይ ያቋቋሙት የሬዲዮ ጣቢያ የተሰየመው በማን ስም ነው? በቃኘው ስም ነው። ያም ጣቢያ እስከ 1969 ዓ.ም. ቆየ። እንግዲህ ወንድማችን ቡና ላይ የተናገረው ከመሬት ተነሥቶ አልነበረም። መንግሥት ወታደር ሲልክ መሣሪያም፣ ወዳጅም፣ መሬትም አስቦ ነበር። ይህን መካድ ታሪክን መካድ ነው።

ስሕተታችን የነበረው ግን ወዲህ ነው፦ የመንግሥቱን ሒሳብ ወስደን በወታደሩ ላይ ፈረድንበት።

አሁን ወደ ወታደሩ ሒሳብ እንምጣ። አባባ የተወለዱት በ1921 ዓ.ም. ቡልጋ ውስጥ ነው። አባታቸው አርበኛ ነበሩ፤ ዱር የገቡት ሌሊት ነው፣ ሲመለሱ አባባ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር፤ በአምስቱ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ብቻ አይተዋቸዋል። በአሥራ ሰባት ዓመታቸው በእግራቸው አዲስ አበባ መጡና ክብር ዘበኛ ተቀጠሩ። ጫማ ለመጀመሪያ ጊዜ ያደረጉት ያኔ ነው። «እግሬ ታሰረ መሰለኝ» ይሉን ነበር።

ወደ ኮሪያ የሚሄደው ጦር የተመለመለው ከክብር ዘበኛ ነው። ስሙም ቃኘው ተባለ፤ በአድዋ ከዘመቱት መኳንንት አንዱ የሆኑት የራስ መኰንን የፈረስ ስም ነው። የዘማቹ ጦር አዛዥ ኮሎኔል ከበደ ገብሬ ነበሩ፤ የመጀመሪያውን ሻለቃ የመሩት ሌፍተናንት ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ ናቸው። ከእሳቸው በኋላ ሁለተኛውን አስፋው አንዳርጌ፣ ሦስተኛውን ወልደ ዮሐንስ ሽታ መሩት። ወታደሩ ለወራት ያህል ከኮሪያ ጋር በሚመሳሰል ተራራማ ቦታ ላይ ሲለማመድ ከቆየ በኋላ በባቡር ጅቡቲ ወረደ፤ ከዚያም በአሜሪካ የጦር መርከብ ሦስት ሳምንት ያህል ተጉዞ በሚያዝያ 1943 መጨረሻ ቡሳን ወደብ ደረሰ። አባባ ከእነዚህ አንዱ ነበሩ፤ ሃያ ሁለት ዓመታቸው ነበር። ባሕር አይተው አያውቁም። «ሦስት ቀን አስመለሰኝ፣ በአራተኛው ቀን ሞትሁ ብዬ ተውሁት» ብለው ያስቁን ነበር።

ሻለቃው በአሜሪካ ሰባተኛ እግረኛ ክፍለ ጦር፣ በ32ኛው ሬጅመንት ሥር ተመደበ። በዚያው ክረምት ወደ ግንባር ወጣ። ከዚያ በኋላ ያለውን ታሪክ ከአባባ አፍ ለማውጣት እጅግ ከባድ ነበር። ስለ ውጊያ ስንጠይቃቸው ስለ ብርድ ይነግሩናል። በረዶ ሲዘንብ አይተው እንደማያውቁ፣ ጠመንጃው እጅ ላይ ይጣበቅ እንደነበረ፣ ሌሊት ዘብ የቆመ ሰው እንዳይደርቅ እርስ በርሳቸው እግር ለእግር ይታሹ እንደነበረ ያወጉናል። ስለ ገደሉት ሰው አንድም ቀን አልነገሩንም። እኛም ልጆች ሳለን «ስንት ገደልህ?» ብለን ስንጠይቅ የነበረውን እያሰብን አሁን እናፍራለን።

አንድ ሌሊት ግን ነግረውናል። ጓደኛቸው ኮረብታው ላይ ወደቀ። ከቡልጋ አብረው የመጡ ልጅ ነው። ሻለቃው የወደቀ ሰው ጥሎ አይመለስም፤ ይህ ልማድም ትእዛዝም ነበር። አባባና አንድ ሌላ ወታደር ሬሳውን ተሸክመው ሲወርዱ ነጋ። ከዚያ ወዲህ ግራ ትከሻቸውን ብርድ በመጣ ቁጥር ያማቸው ነበር። እኛ ደግሞ ትከሻቸውን በቅቤ እያሸን ስናድግ የእርጅና ሕመም ነው ብለን እናምን ነበር።

በዚህ ላይ የታሪክ መዝገቡ ከአባባ ጋር ይስማማል። እስከ ተኩስ አቁሙ ድረስ፣ ማለት እስከ ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም.፣ ሦስት ሻለቆች እየተተካኩ ከ3,500 በላይ ኢትዮጵያውያን በጦርነቱ ተካፈሉ፤ ከዚያ በኋላ የሄዱት ሲጨመሩ ቍጥሩ ከ6,000 ያልፋል። 122 ሞቱ፣ 536 ቆሰሉ። የተማረከ ግን አንድም የለም። የሞቱትም አጽማቸው ወደ አገራቸው ተመልሷል። ኤስ. ኤል. ኤ. ማርሻል የተባለው አሜሪካዊ የጦር ታሪክ ጸሐፊ በ1945 ስለተደረጉት ውጊያዎች በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ለኢትዮጵያውያኑ የቅኝት ጓዶች ሰፊ ቦታ ሰጥቷል። በዚያን ጊዜ ከታወቁት መኰንኖች አንዱ ሻምበል ማሞ ሀብተ ወልድ ናቸው፤ በግንቦት ወር አንድ ሌሊት ጥቂት ሰዎች ይዘው በብዙ እጥፍ በሚበልጥ ጠላት ተከብበው ሳለ ባለመበገራቸው ከአገራቸውም ከአሜሪካም ከፍተኛ ሜዳልያ ተሸልመዋል።

የወታደሩ ሒሳብ ግን በሜዳልያ ብቻ አይለካም። አባባ ደጋግመው የሚያወሩን ሌላ ነገር ነበር፤ የልጆች ነገር። ጦርነቱ ወላጅ ያሳጣቸው ሕፃናት በየጦር ሰፈሩ ዙሪያ ይልከሰከሱ ነበር። አንድ ስድስት ዓመት የሚሆነው ልጅ ወጥ ቤቱ ድንኳን አጠገብ ማደር ጀመረ። አባባ የቆርቆሮ ራሽናቸውን ያካፍሉት ነበር። ስሙን ሊነግራቸው ይሞክራል፣ አፋቸው አልይዝላቸው አለ። በመጨረሻ «ማሙሽ» አሉት። ማሙሽም ለአማርኛው ስም መልስ መስጠት ለመደ፤ «ና»ንና «ብላ»ንም ዐወቀ። ሻለቃው ቦታ ሲለውጥ ተለያዩ። ከእነ አባባ በኋላ የዘመቱት ኢትዮጵያውያን ወታደሮች ከደመወዛቸው እያዋጡ ዶንግዱቾን በሚባል ከተማ የሙት ልጆች ማሳደጊያ አቋቁመዋል። ይህን ምንም ዓይነት የጦር ስምምነት አላዘዘም። የንጉሥ ሒሳብ ውስጥም የለም።

ታዲያ አገራቸው ሲመለሱ ምን ጠበቃቸው? በመጀመሪያ ክብር ጠበቃቸው፣ እልልታ ጠበቃቸው። ከዘማቾቹ ብዙዎቹ በእንጦጦ ግርጌ ቦታ ተሰጥቷቸው ሰፈሩበት፤ ኮሪያ ሰፈር የሚባለው ያ ነው። አባባ ወሰን የገቡት ዘግየት ብለው ነው፤ ያኔ ዙሪያው እርሻ ነበር፣ ማታ ጅብ ደጃፍ ድረስ ይመጣል። በበዓል ቀን ግን በየካ ጥግ ጥጉን በእግራቸው ተጉዘው ጓደኞቻቸውን ኮሪያ ሰፈር ድረስ ይጠይቃሉ።

በታኅሣሥ 1953 የክብር ዘበኛ አዛዥ የነበሩት ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ግርማሜ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። ሙከራው ሲከሽፍ ክብር ዘበኛ ፈረሰ ማለት ይቻላል፤ ነገሩን ያላወቀው ተራ ወታደር ሁሉ የጥርጣሬ ዓይን ወደቀበት፣ ብዙው ታሠረ፣ ብዙው ወደ ሌላ ክፍል ተበተነ። አባባም ሦስት ወር ታሥረው ተፈቱ። በቅርቡ በኮሪያ ጀግንነቱ የተጨበጨበለት ሰው በአንድ ሳምንት ውስጥ ተጠርጣሪ ሆነ። ከዚያ ወዲያ ጦር ሠራዊቱን ተሰናብተው በዘበኝነት ሥራ ልጆቻቸውን አሳደጉ። ሌሊት ዘብ መቆም የት እንደተማሩ የሚያውቅ ቀጣሪ አልነበረም።

1967 ዓ.ም. መጣ። የቃኘው ዘማች ጦር የመጀመሪያ አዛዥ የነበሩት፣ በኋላም ሌፍተናንት ጄኔራል የሆኑት ከበደ ገብሬ ኅዳር 14 ቀን ከተረሸኑት ባለሥልጣኖች አንዱ ሆኑ። አዲሱ መንግሥት ከሰሜን ኮሪያ ጋር ወዳጅነት መሠረተ። በ1977 መስከረም የተመረቀው የትግላችን ሐውልት በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ የተሠራ ነው። እስቲ አስቡት፤ አባባ በቸርችል ጎዳና ሲያልፉ ያንን ሐውልት ቀና ብለው ያያሉ፣ ደረታቸው ላይ ግን ምንም የለም። ሜዳልያዎቻቸውን አያታችን በጨርቅ ጠቅልላ ጎታ ውስጥ፣ ከጤፉ ሥር ቀብራቸው ነበር። አሥራ ሰባት ዓመት ያህል እዚያ ቆዩ። የእኛ ወላጆች አባታቸው ኮሪያ መዝመታቸውን ያወቁት አድገው ነው፤ በቤት ውስጥ አይነገርም ነበርና።

በሌላው በኩል በዚያው ዘመን ኮሪያ አልረሳችም ነበር። ኢትዮጵያውያኑ መጀመሪያ በተዋጉበት አውራጃ፣ በቹንቾን ከተማ፣ ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት በ1960 ዓ.ም. ሐውልት ቆሞላቸዋል፤ በ1999 ደግሞ እዚያው መታሰቢያ አዳራሽ ተከፍቷል። በእኛም ከተማ አፍንጮ በር አካባቢ የዘማቾቹ መታሰቢያ ተሠራ። የደቡብ ኮሪያ ፕሬዚዳንት ሊ ምዩንግ ባክ በሐምሌ 2003፣ ፕሬዚዳንት ፓርክ ግን ሄ ደግሞ በግንቦት 2008 አዲስ አበባ መጥተው ዘማቾቹን አክብረዋል። አባባ በዚያን ጊዜ ሜዳልያዎቻቸውን በኮታቸው ላይ ደርድረው ሲወጡ ሰፈሩ ሁሉ ደጅ ወጥቶ ተመለከታቸው። በወሰን ግማሽ ዕድሜያቸውን የኖሩ ሰው ናቸው፤ ማን እንደሆኑ የታወቀው ግን ሩቅ አገር ሲያከብራቸው ነው።

በዚህ ላይ ማንንም መክሰስ አንፈልግም። አንድ ነገር ግን ደፍረን እንናገራለን። ሦስት መንግሥት በዚህ ሰውዬ ላይ አልፏል። የመጀመሪያው ሲፈልጋቸው አከበራቸው፣ ሲጠራጠራቸው አሠራቸው። ሁለተኛው አስደበቃቸው። ሦስተኛው እንግዳ ሲመጣ ጠራቸው። በሦስቱም ዘመን እሳቸው ያው ሰው ነበሩ፤ ጎረቤት ሲቃጠል ውሃ ይዞ የሚሄድ ሰው። በየካ ግርጌ ጎርፍ የአንዲት መበለት ቤት በወሰደ ጊዜ፣ ሰማንያ ዓመት አልፏቸው፣ አካፋ ይዘው መጀመሪያ የደረሱት እሳቸው መሆናቸውን ሰፈሩ ዛሬም ያወራል። ያን ቀን ማንም አላዘዛቸውም።

እኛ በክፍል ውስጥ የምንማረው ታሪክ የመንግሥት ሒሳብ የሚበዛበት ነው። ስምምነት፣ ድምፅ አሰጣጥ፣ የጦር ሰፈር፣ የእርዳታ ገንዘብ። ይህን መማር ይገባናል፤ ያለዚያ ማንም በማንም ስም ሲነግድ አናውቅበትም። ነገር ግን ወረቀቱን የፈረመው ሰው ሐሳብና ኮረብታውን የወጣው ሰው ሐሳብ አንድ አይደለም። አንደኛው በሌላኛው ውስጥ ጠፍቶ የቀረ እንደሆነ ታሪክ አጎደልን ማለት ነው። የወረቀቱ በመዝገብ ቤት ተቀምጦ ይጠብቀናል። የኮረብታው ግን በአረጋውያን አፍ ላይ ነው ያለው፤ አፍ ደግሞ ይዘጋል።

አባባ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ኮሪያዊ ባዩ ቁጥር፣ ቱሪስትም ይሁን ሐኪም፣ አንድ ጥያቄ ነበራቸው። «ማሙሽን ታውቁታላችሁ?» ይላሉ። እንግዶቹ በአስተርጓሚ ሲረዱት አንዳንዶቹ ይስቃሉ፣ አንዳንዶቹ ያለቅሳሉ። አባባ ደግሞ፦ «አሁንማ እሱም ሽማግሌ ሆኗል» ብለው ራሳቸውን ያጽናናሉ።

የቀብራቸው ዕለት ድንኳኑ የተተከለው ከደጃችን ጀምሮ እስከ መንገዱ ድረስ ነበር። ከጓደኞቻቸው የቀሩት አራት አረጋውያን ሜዳልያቸውን አድርገው በልጅ ልጆቻቸው ተደግፈው መጡ። ከመካከላቸው አንደኛው፣ ዓይናቸው አያይም፣ እጃቸውን በሣጥኑ ላይ አሳርፈው ረጅም ጊዜ ቆሙ። ከዚያም «ግራ ትከሻህን ጫነኸው መሰለኝ፤ እኔ ቀኙን ይዣለሁ» አሉ። እኛ ያኔ ነው የገባን፤ በዚያ ሌሊት ሬሳውን ከአባባ ጋር ተሸክመው ያወረዱት እሳቸው ናቸው።

በማግስቱ ሦስታችን ደብተር ይዘን ወደ እኚህ አዛውንት ቤት፣ ኮሪያ ሰፈር ሄድን። አባባን ያልጠየቅነውን እሳቸውን ጠየቅን። እስከ ዛሬም በየእሑዱ እንሄዳለን። በደብተሩ ላይ ያለውን በሚቀጥለው እትም ለማውጣት እናስባለን። እስከዚያው ግን፣ ጓደኞቻችን፣ በየቤታችሁ ጥግ ተቀምጦ ትከሻውን የሚታሽ ሽማግሌ ካለ፣ ለምን እንደሚያመው ጠይቁት።